ከዝናብ የተረፈውን ፓወር ስቴሽን ጤዛ ጣለው

ፓወር ስቴሽናችን፣ ማለትም ሶኬቶች ያሉት ተንቀሳቃሽ ትልቅ ባትሪ፣ ያቆመው በሜዳ ሥራችን በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ነው። ድንኳን ውስጥ ነበርን። ማብሪያውን ስጫን ስክሪኑ በራ። ባትሪው 71 በመቶ ይላል። የኤሲ (እንደ ቤት ሶኬት ያለ ኤሌክትሪክ) ቁልፉን ስጫን ግን አንዴ ቀጭ አለና የስህተት ኮድ አወጣ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። አሁንም ቀጭ። ሦስተኛ ሞከርኩ። በአራተኛው የተቃጠለ ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ መጣ። ያኔ እጄን ሰበሰብኩ። እጄን መሰብሰብ የነበረብኝ ከመጀመሪያው ነበር። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ይህን የምጽፈው ማሽን ስለተበላሸ ብቻ አይደለም። ማሽን ይበላሻል። ግን የተበላሸበትን ምክንያት ሁላችንም ተሳስተን ነበር። እኛ አራታችንም፣ የሸጠልን ድርጅትም፣ በአንድ ድምፅ «ዝናብ ገብቶበት ነው» አልን። ዝናብ አልገባበትም።

ሥራው ሜዳ ላይ በድሮን የሚደረግ የመሬት ቅየሳ ነበር፤ ለ12 ቀን የታሰበ። የድሮን ባትሪዎች በየተራ ይሞላሉ፣ ሁለት ላፕቶፖች አሉ፣ ማታ መብራት አለ። ለዚህ ሁሉ የያዝነው አንድ ፓወር ስቴሽን ነው። 1024 ዋት-ሰዓት ይይዛል፣ በኤሲ እስከ 1800 ዋት ያወጣል። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ቀን ቀን በ200 ዋት የሶላር ፓነል እንሞላዋለን። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «አይፒ65» ተብሎ ተጽፏል፤ አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሌሎቹ መርጠን የገዛነው ለዚያች ቁጥር ስንል ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደረቅ ነበር። መሬቱ ሲረገጥ እንደ ዱቄት ይበናል። ማሽኑን ከመኪናው ጥላ ሥር መሬት ላይ አስቀመጥነው። ጥላ ስለሆነ ጥሩ ቦታ መሰለን። ችግሩ ድሮኑን የምናስነሳው ከዚያው አሥር እርምጃ ራቅ ብለን መሆኑ ነው። ድሮን ሲነሳም ሲያርፍም አቧራውን ገልብጦ ነው። በቀን ከሃያ ጊዜ በላይ እንዲህ እናደርጋለን። አቧራው በዝግታ ሲወርድ፣ የማሽኑ ፋን ደግሞ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ አየር ይስባል። አሁን ሳስበው ሆን ብለን አቧራ የምንመግበው ነው የሚመስለው።

በአምስተኛው ቀን የፋኑ ድምፅ ተለወጠ። ፉጨት የነበረው ወደ ማጉረምረም ሄደ። «ሙቀቱ በዝቶበት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት።

ፋን ለምን እንደሚያስፈልግ ካልተረዳን የቀረው ነገር ትርጉም አይሰጥም። ባትሪው የሚሰጠው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ነው። ወደ ኤሲ የሚቀይረው ኢንቨርተር ሥራውን በነጻ አይሠራም። መቶ ገብቶ ዘጠና ይወጣል እንበል፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ማሽኑ 1000 ዋት ሲሰጥ ውስጡ ከመቶ ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። የድሮውን የመቶ ሻማ አምፖል አስቡት። እሱን አብርታችሁ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ዘግታችሁ ሰዓታት ብትቆዩ ምን ይሆናል? ስለዚህ አምራቹ ሳጥኑን ይበሳና ፋን ይገጥማል። ቀዳዳው ሙቀት ያስወጣል። የሚያስገባው ግን አየር ብቻ አይደለም። ትልቅ ኃይል የሚሰጡ ማሽኖች ውሃና አቧራን ለመከልከል የሚቸገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ትንንሾቹ ያለ ፋን፣ በገላቸው ብቻ ሙቀት አስወጥተው መኖር ይችላሉ።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት ዝናብ መጣ። ሳይታሰብ ነው የመጣው። ሁላችንም ሥራ ጥለን ወደ ማሽኑ ሮጥን። አንዱ ሸራ ወረወረበት፣ ሌላው ገመዶቹን ነቀለ፣ እኔ አቅፌው መኪና ውስጥ ከተትኩት። ላዩ ላይ ያረፉት ጠብታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በፎጣ ጠረግነው። እንደ ጀግና ተያየን። ማሽኑ መኪናው ውስጥ አደረ። ሌሊቱ ከዝናቡ በኋላ በጣም ቀዘቀዘ።

ጠዋት አንዱ ባልደረባችን ማሽኑን ወደ ድንኳኑ አስገባው። ድንኳኑ ውስጥ አራት ሰው አድሯል። እርጥብ ልብስ ተሰቅሏል። በጋዝ ምድጃ ውሃ ተጥዷል፤ እንፋሎቱ ይታያል። ለእኛ ደስ የሚል ሙቀት ነው። ማሽኑ ጥግ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ከዚያ እኔ አበራሁት።

መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ይህን ታሪክ ቀድማችሁኛል። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ መነጽሩ ወዲያው ይጋረዳል። በ20 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ የውሃ ተን ሊሸከም ይችላል። ያው አየር 10 ዲግሪ የሆነ ነገር ነክቶ ሲቀዘቅዝ መሸከም የሚችለው 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ትርፉ ውሃ ሆኖ ያርፋል። የሚያርፈው ደግሞ ቀዝቃዛው ነገር ላይ ነው። እኛ ጋ ቀዝቃዛው ነገር ማሽኑ ነበር፤ ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ሙቀት መበተኛና የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ። በፋኑ ቀዳዳ የገባው አየር እዚያ ደርሶ ጤዛ ሆነ። ስናበራው ደግሞ ፋኑ ራሱን ለመፈተሽ ጥቂት ሰከንድ ይሽከረከራል። ያንን እርጥብ አየር ይበልጥ ሳበው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። ያን ጠዋት «ዝናቡ ነው» አልን፣ አለቀ። የቀረውን ሥራ በመኪናው ባትሪና በልመና ጨረስነው።

ቁጥሯ ምን ትላለች

ከሜዳ እንደተመለስን ለሸጠልን ድርጅት ጻፍን። መልሱ ፈጣን ነበር፦ የውሃ ጉዳት በዋስትና አይሸፈንም። እኔም ተናድጄ የካርቶኑን ፎቶ ላክሁ። አይፒ65 ትላላችሁ አይደል? የመጣው መልስ የመመሪያውን ገጽ ጠቅሶ ነው። ከፈትኩት። በጣም ትንንሽ ፊደል ነው። አይፒ65 የሆነው «የባትሪ ክፍሉ» ነው ይላል። ከዚያ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ማሽኑን ዝናብና እርጥበት ያለበት ቦታ አትጠቀሙ ይላል።

ውሸት አልተባልንም። ግን እውነቱም አልተነገረንም። በእኔ ግምት ይህ ከውሸት ብዙ አይሻልም። ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ሳጥን አለ፤ ባትሪዎቹ ያሉበት። እሱ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ነው። ኢንቨርተሩ፣ ፋኑ፣ ሶኬቶቹ ግን ከእሱ ውጭ ናቸው። ቁጥሯ ስለነሱ ምንም አትልም።

አይፒ የሚባለው ምደባ የሚገኘው አይኢሲ 60529 በተባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1976 ነው። የመጀመሪያዋ አኃዝ የጠጣር ነገር ናት፤ ከ0 እስከ 6። 5 ማለት አቧራ ጥቂት ሊገባ ይችላል፣ ግን ሥራ የሚያስተጓጉል አይሆንም ማለት ነው። 6 ማለት ጭራሽ አይገባም። ሁለተኛዋ የውሃ ናት፤ ከ0 እስከ 9። 4 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ነው። 5 ደግሞ በቱቦ የሚለቀቅ ውሃ፦ አፉ 6.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ፣ በደቂቃ 12.5 ሊትር፣ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ርቀት፣ ቢያንስ ለሦስት ደቂቃ። 7 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ መስጠም ነው። በቁጥሩ ቦታ «ኤክስ» ከተጻፈ ለዚያኛው ነገር ደረጃ አልተሰጠም ማለት ነው። አይፒኤክስ4 የሚል ማሽን ስለ አቧራ አንዲት ቃል አልተናገረም። አቧራማ ቦታ ለሚሠራ ሰው ይህቺ «ኤክስ» ከ4ቱ የበለጠ ትከብዳለች።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። 7 ከ5 ስለሚበልጥ የ5ንም ፈተና ያለፈ ይመስላል። አይደለም። ዝም ብሎ ውሃ ውስጥ መቀመጥና በኃይል መረጨት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። ሁለቱንም ያለፈ ዕቃ ሁለቱንም ቁጥር ይጽፋል።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ፈተናው የሚደረገው በንጹሕ ውሃ ነው፤ አቧራውም የታልክ ዱቄት ነው። ጤዛ የዚህ ፈተና አካል አይደለም፤ ስታንዳርዱ ራሱ እርጥበት መቋጠርንና ዝገትን ለሌሎች የምርት ስታንዳርዶች ትቶታል። ስለዚህ ሙሉ ማሽኑ አይፒ65 ቢሆን እንኳ ያ ጠዋት ምን ይፈጠር እንደነበር ከቁጥሯ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ሲከፈት የተገኘው

ማሽኑን የከፈተው ኢንቨርተር የሚጠግን ቴክኒሻን ነው። እኔ ቁጭ ብዬ አየሁ። እናንተም እቤት እንዳትሞክሩት። 230 ቮልት ኤሲ ለማውጣት አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች ውስጣቸው ከ325 ቮልት በላይ ዲሲ ያዘጋጃሉ። ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ ማሽኑ ከጠፋም በኋላ ያንን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰውየው ከምንም በፊት እነሱን ነበር የለካው።

መጀመሪያ ያሳየኝ ትንንሽ ነጭ ስቲከሮችን ነው። ውሃ ሲነካቸው ቀይ ይሆናሉ። ሦስት አሉ። ሦስቱም ነጭ ናቸው። «ዝናብ ነው ያልከኝ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ሙቀት መበተኛውን ገለጠው። በክንፎቹ መሃል አቧራው ተጠቅጥቆ ምንጣፍ መስሏል። በጥፍሩ ሲያነሳው እንደ ጨርቅ ተገነጠለ። ቦርዱ ላይም ስስ ብናኝ አለ። ከኤሲው ክፍል አጠገብ፣ በሁለት የመዳብ መስመሮች መሃል፣ ጠቆር ያለ ቀጭን ዱካ ይታያል። እዚያው ጎን ሁለት ትራንዚስተሮች (ኤሌክትሪኩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ትንንሽ ክፍሎች) ተቃጥለዋል። የባትሪ ክፍሉ ግን እንደ አዲስ ነው። ቁጥሯ በነሱ ላይ አልዋሸችም።

አቧራ ብቻውን ሲደርቅ ብዙም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ለዚህ ነው ማሽኑ ለስምንት ቀን ሳያጉረመርም የሠራው፤ ፋኑን ካልቆጠርነው። ጤዛም ብቻውን ንጹሕ ቦርድ ላይ ቢያርፍ ብዙ ጊዜ ደርቆ ይሄዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጉዱ። የአፈር አቧራ ውስጥ ጨው አለ። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። አቧራው ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ያቆየዋል። በዚያ ላይ ቮልቴጅ ሲጨመርበት በሁለቱ መስመሮች መሃል ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ይጀምራል። ፍሳሹ ከቀጠለ መዳቡ ራሱ እየሟሟ ይጓዝና እንደ ሥር የመሰለ ቀጭን ድልድይ ይሠራል። ከዚያ ሾርት ነው።

የመጀመሪያው የስህተት ኮድ ማሽኑ ይህንን ፍሳሽ አይቶ ራሱን ያዳነበት ነበር። እኔ ግን አራት ጊዜ አስገደድኩት። ቴክኒሻኑ በጨዋነት «መጀመሪያ ላይ ትተኸው ቢሆን ማጽዳት ብቻ ይበቃው ነበር ይሆናል» አለኝ። ጨዋነቱ ነው የጎዳኝ። ቀጭ ሲል ትቼው ለአንድ ቀን ደረቅ ቦታ ቢውል ኖሮ ትራንዚስተሮቹ ዛሬም በሕይወት ይኖሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በባትሪ ክፍሉ ጎን ላይ ያለች ክብ ነገርም አሳየኝ። ቁልፍ ትመስላለች። ሜምብሬን ናት፤ አየር ታሳልፋለች፣ ፈሳሽ ውሃ አታሳልፍም። ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ሳጥን ለምን ቀዳዳ ያስፈልገዋል ብዬ ጠየቅሁት። መልሱን ራሴ በኋላ አሰላሁት። በሥራ 50 ዲግሪ የደረሰ ዝግ ሳጥን ዝናብ መቶት ወደ 15 ዲግሪ ቢወርድ፣ ውስጡ ያለው አየር ግፊት አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከመቶ ሚሊባር በላይ ማለት ነው። በአይፒ የአቧራ ፈተና ወቅት ሳጥኑ ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት መቀነስ እስከ 20 ሚሊባር ነው። እንግዲህ ዝግ ሳጥን ሲቀዘቅዝ ይተነፍሳል፤ ወደ ውስጥ። ማሸጊያ ጎማው ላይ ውሃ ተኝቶ ከሆነ የሚስበው ውሃውን ነው። ሜምብሬኗ ግፊቱን እያስተካከለች ጎማውን ታሳርፈዋለች። ብልህ ነገር ነው። ግን ፋን ላለው ኢንቨርተር አትበቃም፤ የሚፈልገው የአየር መጠን በጣም ብዙ ነው።

ጥገናው ትራንዚስተሮቹን መቀየር፣ ፋኑን መቀየርና ቦርዱን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ነበር። ደርቆ ሲያልቅ ቦርዱ ላይ መከላከያ ቫርኒሽ ተቀባ። ብዙ አምራቾች ይህን ከፋብሪካ ይቀባሉ። የእኛው ላይ አልነበረም። ይህ በምንም ቁጥር አይጻፍም፤ ከፍቶ ካላዩት ወይም ካልጠየቁት አይታወቅም።

ለድርጅቱ የነጭ ስቲከሮቹን ፎቶ ላክን። እርጥበትም አይሸፈንም አሉ። እዚያ ላይ ተውነው።

ከዚያ ወዲህ

የመጀመሪያው ሙከራችን ከሽፏል። የአየር ማስገቢያው ላይ ስስ ስፖንጅ አሰርን። አቧራው ቀረ። ማሽኑ ግን ከፍተኛ ጭነት ሲሰጠው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከመጠን በላይ ሞቆ ራሱን አጠፋ። ማጣሪያ የሚሠራው ፋኑ ከመጀመሪያው ለዚያ ከታሰበ ብቻ ነው። አንዱ ባልደረባችን ደግሞ ሙሉውን ማሽን በላስቲክ ልሸፍነው አለ፤ እየሠራ እያለ። ይህ ከአቧራውም የባሰ ነው። የሚሸፈነው ሲጠፋ ብቻ ነው።

የሠራው ነገር በጣም ተራ ነው። ማሽኑ አሁን መሬት አይነካም፤ ወገብ የሚደርስ ጠረጴዛ ላይ ነው። ላዩ ላይ ሸራ አለ፣ ጎኖቹ ክፍት ናቸው። የአየር ማስገቢያው ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ጀርባውን ይሰጣል። ድሮኑ የሚነሳው ራቅ ብሎ ነው። ያልተሰካባቸው ሶኬቶች የጎማ ክዳናቸው ይዘጋል። ክዳን ያለው ሶኬት ላይ የተሰጠ ቁጥር ብዙ ጊዜ ክዳኑ ሲዘጋ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ገመድ ሲሰካ ክፍት ነው። ማታ ማታ ክንፎቹ ላይ ያለውን አቧራ በእጅ ፓምፕ እንነፋለን። ስንነፋ ፋኑን በእንጨት ይዘን ነው፤ በነፋስ ብዛት ሲሽከረከር ተሸካሚው (ኩሽኔታው) ይጎዳል።

ጤዛውን ያሸነፍነው ካሜራ የሚይዙ ሰዎች በሚያውቁት ዘዴ ነው። ማሽኑ ብርድ ውስጥ ካደረ ገና ብርዱ ውስጥ እያለ ትልቅ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባና ይታሰራል። ከዚያ ወደ ሙቀቱ ይገባል። ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቋጠራል። ማሽኑ ሙቀቱን እስኪያስተካክል አይፈታም። የእኛው ከባድ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው እኔ ስለሆንኩ ከረጢቱን የሚፈታው ሌላ ሰው ነው።

ለዝናባማ ቀንና ለማታ ፋን የሌላት ትንሽ ማሽን ጨምረናል። ላፕቶፕና መብራት ብቻ ነው የምትችለው። ሙሉ አካሏ አይፒ67 ነው። ይህን ጊዜ ከመግዛታችን በፊት ጽፈን ጠየቅን፦ ቁጥሩ የሙሉ ማሽኑ ነው ወይስ የባትሪው? ክዳኖቹ ተከፍተው ነው ተዘግተው? እየሠራ ነው ጠፍቶ? ከሦስት ሻጮች ሁለቱ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም። የመለሰው ጋ ገዛን።

ጎርፍ ወይም ባሕር አጠገብ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሰጠመ የሊቲየም ባትሪ ያን ሰዓት ዝም ቢልም ከቀናት በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። በ2022 ሀሪኬን ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ፍሎሪዳ ከመታ በኋላ በባሕር ውሃ የተጥለቀለቁ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እንዲህ ተቃጥለዋል። የሰጠመ ማሽን አይበራም፣ ቻርጅ አይደረግም፣ ቤት ውስጥም አይገባም። ከሕንፃ ራቅ ብሎ ውጭ ይቀመጣል።

የእኛ ማሽን እስካሁን ይሠራል። አዲሱ ፋን ከድሮው ትንሽ ይጮሃል። ድምፁ በተለወጠ ቁጥር አሁን ሥራ አቁሜ እሄድና አያለሁ።